መሬቱን ሳይቆፍሩ የአፈርን እርጥበት ስለ መለካት

ለገበሬ ዋናው ነገር ከሰማይ የወረደው የዝናብ መጠን ብቻ አይደለም፤ ከወረደው ውስጥ በአፈሩ የቀረው ነው። ጎርፍ ሆኖ ወደ ወንዝ የሄደውን ወይም ፀሐይ የወሰደችውን ውሃ፣ ለሰብሉ እንዳልዘነበ መቁጠር ይቻላል። በከተማችን ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶና በአጠገቡ በአቃቂ በኩል የሚያርስ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ሽምብራውንና ጓያውን የሚዘራው ዝናቡ ሲገባ ሳይሆን ዝናቡ ሲወጣ ነውና። ዘሩ የሚበቅለው ጥቁሩ መሬት ክረምቱን ሲጠጣ ከርሞ፣ እህል በጎተራ እንደሚቀመጥ አምቆ በያዘው ውሃ ነው።

የዘር ጊዜውን መወሰን ግን ከባድ ነው። ሽምብራ በነሐሴ መጨረሻ መሬቱ ገና ውሃ እንደ ቋጠረ ቢዘራ፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ውሃው እስኪጠነፈፍ ሲጠበቅ መስከረም ቢያልቅ ደግሞ፣ አበባ በሚያወጣበት ጊዜ አፈሩ ይደርቅበታል፤ ፍሬውም ሳይሞላ ይቀራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ገበሬው እስከ ዛሬ ሲወስን የኖረው በዓይኑ፣ በእግሩና በእጁ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። አሁን ግን መሬቱን ሳይነኩ የሰፊ ቦታን እርጥበት የሚለኩ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ከእነርሱ የሚወጣው ቁጥርም በሊቃውንቱ እጅ ብቻ ስለማይቀር፣ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ማወቅ ለገበሬው ይጠቅማል።

በአንድ የገበሬዎች ስብሰባ ላይ ስለዚሁ ነገር ስናስረዳ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ይኸ ከሰማይ ሆኖ አፈሬን ያያል የምትለው ነገር የእኔን ማሳ ከጎረቤቴ ማሳ ለይቶ ያውቀዋል ወይ?» ብለው ጠየቁ። በዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ጥያቄው ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ስለ ሆነ፣ እነሆ በዚህ ጽሑፍ በሰፊው እመልሳለሁ።

ቆፍሮ መመዘን

የአፈርን እርጥበት ለማወቅ ከሁሉ ይልቅ የታመነው መንገድ አፈሩን ቆፍሮ መመዘን ነው። ከማሳው ጥቂት አፈር ተወስዶ ይመዘናል፤ ከዚያም በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ24 ሰዓት ያህል በምድጃ ውስጥ እንዲደርቅ ይደረግና እንደገና ይመዘናል። የጎደለው ክብደት የውሃው ነው። ሌላው መለኪያ ሁሉ እውነተኛነቱ የሚፈተነው በዚሁ መንገድ ነው።

ሆኖም ችግር አለው። ውጤቱ የሚናገረው ስለ አንዲት ጭብጥ አፈር ብቻ ነው። ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ያለው አፈር ሌላ ሊሆን ይችላል። ነገ እንደገና ለመለካት ሲፈለግ ደግሞ የትናንትናው አፈር ተነሥቶአልና ሌላ ቦታ መቆፈር ግድ ይሆናል። በጥቁር መሬት ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በክረምት አፈሩ በመቆፈሪያው ላይ ይጣበቃል፤ የቆፋሪው እግርም የረገጠውን ያጠብቀዋል። በበጋ ደግሞ መሬቱ ይሸሽና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ይህን የአፈር ጠባይ በጀሞና በለቡ በኩል ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መሠረቱን ከመጣሉ በፊት ጥቁሩን አፈር ጠርጎ ያወጣው፣ አፈሩ በውሃ እያበጠና በፀሐይ እየሸሸ ግድግዳውን እንዳይሰነጥቅበት ብሎ ነው።

በመሬት ውስጥ ተቀብረው የሚቆዩ መለኪያዎችም በዚሁ አፈር ይቸገራሉ። መሬቱ ሲሸሽ ከመሣሪያው ይለያል፤ በመካከሉ ክፍተት ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በዚያው ክፍተት ቁልቁል ይወርድና መሣሪያው ማሳው ሁሉ የራሰ አስመስሎ ይናገራል። እንዲህ ማለቴ ግን የሚቀበር መሣሪያ ሁሉ አይረባም ለማለት አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ በሜጫ ወረዳ፣ በቆጋ የመስኖ እርሻ፣ ውሃው ከተወሰነ ጥልቀት ሲደርስ ምልክቱ ብቅ የሚል ማንቆርቆሪያ መሳይ መሣሪያ በገበሬዎች ማሳ ተቀብሮ ተሞክሮአል። ገበሬው ምልክቱን ሲያይ ውሃውን ይዘጋል። ይህ ለመስኖ መልካም ነው፤ ግን የሚናገረው ስለ ተቀበረባት ቦታ ብቻ ነው።

ብይና ድንጋይ

ሳይቆፍሩ ለመለካት ሊቃውንቱ ያገኙት አንዱ ዘዴ ልጆች ብይ ሲጫወቱ ያየ ሰው በቀላሉ የሚረዳው ነው። ብይ ወርውራችሁ ትልቅ ድንጋይ ብትመቱበት ነጥሮ ይመለሳል፤ ከፍጥነቱ ብዙም አያጎድልም። እኩያው የሆነ ሌላ ብይ ብትመቱበት ግን ፍጥነቱን ለተመታው ሰጥቶ እርሱ ባለበት ይቆማል።

ኔውትሮን የሚባለው እጅግ ደቃቅ ቅንጣት እንደዚሁ ነው። በአፈር ውስጥ ያሉት እንደ ሲሊኮን፣ አሉሚኒየምና ብረት ያሉት አተሞች ለእርሱ እንደ ትልልቅ ድንጋይ ናቸው፤ ቢመታቸው ይነጥራል እንጂ አይደክምም። የሃይድሮጅን አተም እምብርት ግን በክብደት እኩያው ነው፤ ቢመታው ይደክማል። ውሃ ደግሞ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን የተሠራ ነው። ስለዚህ አፈሩ ውሃ በበዛበት መጠን ፈጣኑ ኔውትሮን ቶሎ ይደክማል፤ ከመሬት ተመልሶ የሚወጣውም ቁጥሩ ያንሳል። ደረቅ አፈር ብዙ ፈጣን ኔውትሮን ይመልሳል፤ እርጥብ አፈር ጥቂት ይመልሳል። የዘዴው ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ይህን ጠባይ በመጠቀም እ.ኤ.አ. በ1952 ጋርድነርና ከርክሃም የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት የአፈርን እርጥበት መለካት እንደሚቻል በጽሑፍ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት መሣሪያ ጨረር የሚያወጣ ማዕድን በውስጡ የያዘና፣ በማሳው በተቀበረ ቧንቧ ቁልቁል የሚወርድ ነበር። ጥሩ መለኪያ ነው። ነገር ግን ቧንቧውን ለመቅበር መቆፈር ያስፈልጋል፤ ጨረሩም አደገኛ ስለ ሆነ ፈቃድና ጠባቂ የሚያሻው ነው። ማሳ ውስጥ ጥሎት መሄድ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ማሬክ ዝሬዳ የተባሉት የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ሌላ መንገድ አሳዩ። ኔውትሮኑን ሰው ማምጣት አያስፈልገውም፤ ሰማይ ራሱ ያዘንበዋል አሉ። ከጠፈር የሚመጣ ብርቱ ጨረር ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ በምድር ላይ ይወርዳል። ይህ ጨረር የአየሩን አተሞች ሲመታ ኔውትሮኖች ይረጫሉ፤ እነርሱም ወደ መሬት ገብተው ከፊሎቹ ተመልሰው ይወጣሉ፤ ከመሬትም በላይ በአየሩ ውስጥ ይቀላቀላሉ። እንግዲህ ከመሬት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ በምሰሶ ላይ የተሰቀለ ቆጣሪ በሰዓት ስንት ፈጣን ኔውትሮን እንዳገኘ ቢመዘግብ፣ በዙሪያው ያለው አፈር ምን ያህል ውሃ እንደ ያዘ ማወቅ ይቻላል። ቆጣሪው ራሱ ምንም ጨረር አያወጣም፤ በፕላስቲክ የተሸፈነ ጋዝ የያዘ ቱቦ ነው። ከብት ቢጠጋውም፣ እረኛ ቢደገፈውም የሚያደርሰው ጉዳት የለም።

ምሰሶው ምን ያህል ቦታ ያያል?

የሽማግሌው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ቆጣሪው እንደ አየሩና እንደ አፈሩ እርጥበት፣ በዙሪያው ከ130 እስከ 240 ሜትር ድረስ ካለው መሬት የሚመጣውን ይሰማል። 200 ሜትር ብንል፣ ክቡ ወደ 12 ሄክታር ተኩል ይሆናል። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ነው ብንል 50 ጥማድ መሆኑ ነው። በእኛ አገር ይህ የአንድ ሰው ማሳ አይደለም፤ የአሥርና የዐሥራ አምስት ቤተሰብ መሬት ነው። ቁጥሩም የሁሉም አማካይ ነው። በዚያ ላይ አማካዩ እኩል አይደለም፤ ከምሰሶው ሥር ያለው መሬት ከሩቁ ይልቅ ድምፁ ይጎላል። ስለዚህ ምሰሶው የቆመው በአንዱ ሰው የሽምብራ ማሳ ላይ ከሆነ የእርሱ አፈር ከሌላው የበለጠ ይናገራል።

ጥልቀቱም እንደ እርጥበቱ ይለያያል። አፈሩ ደረቅ ሲሆን እስከ 70 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ይሰማል፤ በጣም ሲርስ ግን ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህን መዘንጋት አይገባም። በነሐሴ የሚሰጠው ቁጥር ስለ ላይኛው አፈር ነው፤ በጥር የሚሰጠው ግን እስከ ሥሩ ድረስ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ማወዳደር አይቻልም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ከላይ የሚመጣው ጨረር ብዙ ሳይደክም ይደርሳል። ይህ ለቆጣሪው መልካም ነው፤ ቆጠራው በበዛ ቁጥር ስሕተቱ ያንሳልና። በሌላ በኩል ግን ወደ ምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን፣ የምድር መግነጢስ ከጠፈር የሚመጣውን ጨረር እየመለሰ ቁጥሩን ይቀንሰዋል። ሁለቱ ይቻቻላሉ፤ ነገር ግን ከአውሮፓ ሜዳ የተቀዳ ሒሳብ እንዳለ በእኛ ደጋ ላይ እንደማይሠራ ያስረዳል።

መሬቱን ሳይነኩ ይለካል ማለትም ሙሉ እውነት አይደለም። ምሰሶው ሲተከል አንድ ጊዜ በሚገባ መቆፈር አለበት። የተለመደው ሥርዓት ከምሰሶው በ25፣ በ75ና በ200 ሜትር ርቀት በስድስት አቅጣጫ፣ በጠቅላላው በ18 ቦታ፣ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ አፈር መውሰድ ነው። 108 የአፈር ናሙና መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ተመዝኖና ደርቆ ከቆጣሪው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ በኋላ ነው መቆፈሩ የሚቀረው።

ቆጣሪው ሃይድሮጅንን እንጂ ውሃን ለይቶ አያውቅም። ሃይድሮጅን ደግሞ በሌላም ነገር ውስጥ ይገኛል። በጥቁር ሸክላ አፈር ውስጥ በማዕድኑ ተጣብቆ የሚኖር፣ ሥር ሊመጠው የማይችል ውሃ አለ። ፍግ፣ ሥርና የቆመ ሰብልም ሃይድሮጅን አላቸው። የአየሩ እርጥበትና ግፊትም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ስለዚህ ሒሳቡ እነዚህን ሁሉ ሳይቀንስ የወጣ ቁጥር ካያችሁ አትመኑት።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ምሰሶ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ቢተከልስ? በእኔ አስተያየት ቦታ አይገኝለትም። በላፍቶም ሆነ በሐና ማርያም በኩል ቀድሞ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረው ብዙው መሬት ዛሬ ቤት ቆሞበታል። ለዙሪያው 200 ሜትር ያለ ቤት፣ ያለ አስፋልትና ያለ ወንዝ የተዘረጋ ማሳ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቆጣሪው ግን ጣራውንም፣ መንገዱንም፣ የወንዙንም ውሃ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሎ ይቈጥራል። ሜዳው ሰፊ በሆነበት በአቃቂ፣ በበቾ ወይም በአድአ በኩል ቢተከል የበለጠ ይጠቅማል። አፈሩ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፣ ከዚያ የሚገኘው ቁጥር ለእኛም ጥቁር መሬት መነሻ ሊሆን ይችላል። ዋጋውም የአንድ ገበሬ አቅም የሚደርስበት ስላልሆነ፣ የምርምር ጣቢያ ወይም የመንግሥት ሥራ ነው።

«ኔውትሮን» ሲባል የሚፈራ ሰው ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በአንድነት ለእርሻ የሚሠራ ክፍል አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የዚህን መሣሪያ አሠራር የሚያስተምር መጽሐፍ ያወጣው የአቶሚክ ኃይሉ ድርጅት ነው። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በቃሊቲ የቆላ ዝንብን በጨረር አምክኖ ለማጥፋት የተቋቋመው ጣቢያም የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ፍሬ ነው። የአቶም ጥናት ለገበሬ እንግዳ አይደለም።

ከሰማይ የሚለካው

የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ለዚህ ክፍል መግቢያ ይሆናል። ንፋስ ስልክ ያሉት የቀድሞ ሰዎች፣ ያለ ሽቦ በአየር የሚመጣውን መልእክት ሲያዩ በንፋስ የሚሄድ ስልክ ነው ብለው ነው። ሳተላይት፣ ማለት ሰው ሠራሽ ጨረቃ፣ የአፈርን እርጥበት የሚያውቀውም በዚሁ በንፋስ ስልክ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ እጅግ ደካማ የሆነ የራዲዮ ሞገድ ያወጣል፤ መሬትም ያወጣል። ደረቅ መሬት ብዙ ያወጣል፤ የራሰ መሬት ያንሳል። ከላይ ሆኖ ይህን ድምፅ የሚያዳምጥ ተቀባይ ካለ እርጥበቱን ከዚያ ያሰላዋል።

ለዚህ የተመረጠው ሞገድ 21 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። ደመናን ያልፋል፤ መጠነኛ ሰብልንም አልፎ አፈሩን ይሰማል። መሬት የምታወጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ በዚህ ሞገድ ማንም ራዲዮ እንዳያስተላልፍበት መንግሥታት ሁሉ ተስማምተዋል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ስሞስ የተባለውን ሳተላይት በኅዳር 2009 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካው ናሳ ደግሞ ስማፕ የተባለውን በጥር 2015 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ ላኩ። ስማፕ በአንድ አገር ላይ በሁለትና በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ያልፋል። የሚያልፍበትም ሰዓት በየአገሩ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ነው። የንጋቱ ልኬት ይመረጣል፤ በዚያን ሰዓት የአፈሩ፣ የሰብሉና የአየሩ ሙቀት ተቀራራቢ ስለ ሆነ ስሌቱ አይዛባም።

ይህ ግን ለሽማግሌው መልስ አይሆንም። እነዚህ ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ የሚያዩት መሬት ጎኑ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነው፤ 1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አዲስ አበባ በጠቅላላው ወደ 530 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት። ሦስት አዲስ አበባ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንዷን የሳተላይት ነጥብ ይሞላሉ። በዚያች ነጥብ ውስጥ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ የመርካቶ ቆርቆሮ፣ የአባ ሳሙኤል ውሃና የላፍቶ ሽምብራ ሁሉ ተደባልቀዋል። ጥልቀቱም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመስከረም ሦስት ቀን ፀሐይ ቢወጣ ላይኛው አፈር ይደርቃል፤ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። ስለዚህ የከተማ ገበሬ ይህን ቁጥር የማሳው ቁጥር አድርጎ እንዳይወስደው አጥብቄ እመክራለሁ።

ማሳን ከማሳ ለመለየት የሚቀርበው ሌላው ዓይነት ነው። እርሱ ማዳመጥ ብቻ ሳይሆን ራሱ ሞገድ ወደ መሬት ልኮ የሚመለሰውን ይለካል፤ ራዳር ይባላል። ስማፕም እንዲህ ያለ ራዳር ነበረው፤ ነገር ግን በተላከ በዓመቱ አጋማሽ፣ በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ተበላሽቶ ቀረ። ሴንቲኔል አንድ የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች፣ የመጀመሪያው በ2014 እ.ኤ.አ. የተላከው፣ ይህን ሥራ ይሠራሉ። ከጥማድ ያነሰ ቦታ ለይተው ያያሉ። አንዱ ሳተላይት በዚያው መንገድ የሚመለሰው ግን በ12 ቀን ነው።

የራዳርም ማታለያ አለው። የራሰ አፈር ሞገዱን አብዝቶ ይመልሳል፤ ነገር ግን በቅርቡ የታረሰና ጓል የበዛበት ደረቅ ማሳም አብዝቶ ይመልሳል። ለጤፍ አራትና አምስት ጊዜ በሚታረስበት አገር ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ በነሐሴ ውሃ ተኝቶበት እንደ መስተዋት የሆነ ጥቁር መሬት፣ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንሸራትተዋልና ወደ ሳተላይቱ የሚመለስ ነገር የለም። አካባቢውን የማያውቅ ሰው በካርታው ላይ «ይህ ማሳ ደርቆአል» ብሎ ሊያነብበው ይችላል፤ ገበሬው ግን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞአል። ካርታውን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ማሳው መቼ እንደ ታረሰና የት ውሃ እንደሚተኛ ከገበሬው መጠየቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የተላከችውን የኢትዮጵያ ሳተላይት የሚያነሡ አሉ፤ እርሷ የአፈሩን እርጥበት ታውቅ ነበር ወይ ይላሉ። መሣሪያዋ የፀሐይን ብርሃን የሚይዝ ካሜራ ነበር። የሰብሉን አረንጓዴነት ታሳይ ነበር፤ ደመናን አልፋ ግን አታይም ነበር። ክረምታችን ደግሞ ደመና ነው። ሰብሉ ሲገረጣ ማየት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን አፈሩ ቀድሞ ደርቆአል።

ታዲያ ሰፊው ቁጥር ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ የአንድን ማሳ እርጥበት በመናገሩ ሳይሆን፣ ያንኑ ሰፊ አገር ከዓመት ዓመት ሳይለዋወጥ በአንድ ዓይን በማየቱ ነው። ዘንድሮ በዚህ ወር አገሩ ካለፉት ዓመታት ይልቅ ደርቆአል ወይስ ርሶአል ለሚለው ጥያቄ መልካም መልስ ይሰጣል። ድርቅ ሲመጣ አስቀድሞ ለማወቅና እህል በጊዜ ለማዘጋጀት ይረዳል።

ቁጥሩ በገንዘብ ረገድም ገበሬውን ሊነካው ይችላል። በትግራይ በአዲ ሓ እ.ኤ.አ. በ2009 ለ200 ያህል የጤፍ ገበሬዎች ቤተሰብ የተጀመረው የሰብል መድን፣ ካሳውን የሚወስነው በማሳ ተገኝቶ የሚመለከት ሰው ሳይሆን በሳተላይት የተለካ ዝናብ ነበር። እርጥበት ሳይሆን ዝናብ መሆኑን ልብ በሉ፤ ነገር ግን ጥያቄው ያው ነው። የሳተላይቱ ነጥብ በሙሉ ሲታይ ዝናብ አግኝቶአል ቢባልና የአንዱ ገበሬ ቀበሌ ግን ደርቆ ቢቀር፣ ካሳ ሳያገኝ ይቀራል። እንዲህ ያለ ውል ሲቀርብላችሁ፣ ቁጥሩ የሚለካው ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ነው ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ቁጥሩን በማሳ ላይ ማንበብ

የእርጥበት ቁጥር ብዙ ጊዜ ከመቶ ስንት እጅ እየተባለ ይነገራል። ከመቶ 30 እጅ ማለት መቶ ሊትር በሚሞላ አፈር ውስጥ 30 ሊትር ውሃ አለ ማለት ነው። ይህ ቁጥር በሁሉም አፈር አንድ ትርጉም የለውም። ለአሸዋማ አፈር ከመቶ 30 እጅ እጅግ እርጥብ ነው። በከባድ ጥቁር አፈር ግን በዚያው ቁጥር ተክሉ መጠውለግ ሊጀምር ይችላል፤ ሸክላው ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ሥሩ አይመጠውም። ስለዚህ ከእንጦጦ ሥር ላለው ቀይ አፈር የተነገረውን ምክር ወደ ላፍቶ ይዛችሁ አትውረዱ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በአሥር ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ እርጥበት ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው፤ በአንድ ጥማድ ላይ 2,500 ሊትር፣ በሃያ ሊትር ጄሪካን 125 ጄሪካን ይሆናል። በ30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ እርጥበቱ ከመቶ 45 ወደ 40 እጅ ቢወርድ 15 ሚሊ ሜትር ውሃ ከማሳው ወጥቶአል፤ በጄሪካን ቢቈጠር በአንድ ጥማድ 1,875 ነው። ሽምብራው በጥቅምትና በኅዳር የሚኖረው ከዚህ ተቀማጭ እየወሰደ ስለ ሆነ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

በመካኒሳና በላፍቶ ወንዝ ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን የሚያለሙ ሰዎች ግን በሳተላይት አይድከሙ። ሥሩ አጭር በሆነ አትክልት ላይ የሚያስፈልገው፣ ትናንት የተጠጣው ውሃ ሥሩ ድረስ ደርሶአል ወይ የሚለው ነው፤ ይህን ቆንጥሮ ማየት ይበቃል። የወንዙ ውሃ ንጽሕና ሌላ ጉዳይ ስለ ሆነ በዚህ አላነሣውም።

ጥቁር መሬት ላይ ሽምብራ ለሚዘራ ሰው ሰፊው ቁጥርና የራሱ እጅ እንዲህ ይቀናጃሉ። ከልማት ሠራተኛው የአካባቢው አፈር ካለፉት ዓመታት ይልቅ ረጥቦአል የሚል ወሬ ከመጣ፣ የተለመደውን የዘር ቀን ለማዘግየት ተዘጋጁ፤ ደርቆአል ከተባለ ለማስቀደም። ከዚያ ወደ ማሳችሁ ሂዱና በሦስት ቦታ፣ በላይኛው ጫፍ፣ በመካከልና ውሃ በሚተኛበት በታችኛው በኩል፣ በዶማ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ከሥሩ አንድ ጭብጥ አፈር አውጡ። ስትጨብጡት በጣቶቻችሁ መካከል ውሃ ካወጣ ገና ነው። ድቡልቡል ሆኖ ከረጋና፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲዳመጥ እንደ ጥብጣብ ከተሳበ፣ ግን እጃችሁን ካላረጠበ፣ ለዘር ደርሶአል። እየተፈረፈረ ጓል ብቻ ከሆነ ጊዜው እያለፈ ነው።

ከተጠራጠራችሁ ከታችኛው በኩል ያለውን ጉድጓድ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አጥልቁና ዝናብ እንዳይገባበት በሣርና በቆርቆሮ ከድናችሁ አሳድሩት። ጠዋት ስትከፍቱት ከሥሩ ውሃ ቋጥሮ ካገኛችሁት፣ በሬዲዮ የተነገረው ቁጥር ምንም ቢሆን፣ የዚያን በኩል ዘር በሳምንት አቆዩት፤ የላይኛውን ግን ዝሩ።